አሮጌ የቤት ኮምፒውተሮችን መሰብሰብና ማደስ፦ ከመሰካት በፊት መለካት

አሮጌ ኮምፒውተር ለመጀመሪያ ጊዜ እጁ የገባ ሰው የሚሠራው ስሕተት ከሞላ ጎደል አንድ ነው፤ አቧራውን ጠረግ ጠረግ አድርጎ ወዲያው ሶኬት ላይ ይሰካዋል። እኔም ያደረግሁት ይህንኑ ነበር። መሣሪያው ከነካርቶኑ፣ ከነገመዱና ከነፓወር ሰፕላዩ የመጣ በመሆኑ ሌላ ዝግጅት ያስፈልገዋል ብዬ አላሰብሁም። ማብሪያውን ስጫን የመክፈቻው ጽሑፍ ስክሪኑ ላይ ብቅ አለ፤ ዐሥር ሰከንድ ያህል ቆይቶ ፊደሎቹ ተዘበራረቁ፣ ከዚያም ሁሉም ነገር ጠፋ። ዘግይቼ በመልቲሜትር ስለካው፣ 5 ቮልት መስጠት የነበረበት ፓወር ሰፕላይ ከ8 ቮልት በላይ ይሰጥ ነበር፤ ከስምንቱ የሜሞሪ ቺፖች አምስቱ በዚያች ዐሥር ሰከንድ ውስጥ ተቃጥለዋል። ኮምፒውተሩ እኔ እጅ እስኪገባ ድረስ ጤነኛ ነበር፤ የገደልሁት እኔ ነኝ። የዚህ መመሪያ ቅደም ተከተል ከዚያ ቀን የተቀዳ ነው፤ መጀመሪያ ተከፍቶ ይታያል፣ ቀጥሎ ይለካል፣ በመጨረሻ ይሰካል።

ምን እንደሚገዙ

የቤት ኮምፒውተር ዘመን በአብዛኛው የሚቆጠረው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1977 ጀምሮ ነው፤ አፕል 2፣ ኮሞዶር ፔት እና ቲአርኤስ 80 ተገጣጥመው ያለቁና ማንም ሰው ገዝቶ ጠረጴዛው ላይ ሊያስቀምጣቸው የሚችሉ መሣሪያዎች ሆነው ለገበያ የቀረቡት በዚያ ዓመት ነበር። ዘመኑ እስከ 1990ዎቹ መጀመሪያ ድረስ ይዘልቃል። ለጀማሪ የምመክረው ብርቁን ሳይሆን በብዛት የተሸጠውን ነው። በ1982 የወጣው ኮሞዶር 64 ከ10 ሚሊዮን በላይ ተሸጧል፤ በዚያው ዓመት የወጣው ዜድ ኤክስ ስፔክትረምም በሚሊዮኖች ተሸጧል። በብዛት የተሸጠ መሣሪያ መለዋወጫው ይገኛል፣ የሰርኪዩት ንድፉ በነጻ ይገኛል፣ ብልሽቱም በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች ቀድመው ያዩት ብልሽት ነው። ጥቂት ብቻ የተመረተ መሣሪያ ግን አንድ ልዩ ቺፕ ከተቃጠለበት ምትኩ ከሌላ ተመሳሳይ መሣሪያ ላይ ካልተነቀለ በስተቀር አይገኝም፤ ስለዚህ ብርቅ ነገር እጅዎ ቢገባ እንኳ እጅዎ እስኪፍታታ ድረስ ሳይከፍቱት ደረቅ ቦታ ያስቀምጡት።

ሻጮች «አልተሞከረም» ብለው የሚጽፉትን ቃል እኔ በግሌ «ተሞክሮ አልሠራም» ብዬ ነው የማነብበው፤ ዋጋ የምደራደረውም በዚሁ ሒሳብ ነው። ፎቶ ሲጠይቁ የፊት ገጽታውን ብቻ አይጠይቁ። ከታች ያሉት ብሎኖች ጫፋቸው የተበላ ከሆነ ከዚህ በፊት ትዕግሥት የሌለው ሰው ከፍቶታል ማለት ነው። ከኪቦርዱ የጎደለ ቁልፍ፣ የተሰነጠቀ ጥግና በኋላ በኩል ባሉ መሰኪያዎች ላይ ያለ አረንጓዴ ዝገት ሁሉም በዋጋው ላይ መታየት አለባቸው። ቢጫ መሆኑ ግን አያስፈራዎት፤ ቀለም ከጤና ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም።

ጠረጴዛው ላይ ምን መኖር አለበት

መሣሪያ አያብዙ። ጥሩ መልቲሜትር፣ ሙቀቱ የሚስተካከል የስታኞ መበየጃ፣ ስታኞ መምጠጫ ፓምፕና የመዳብ ሽሩባ፣ ስታኞው በደንብ እንዲይዝ የሚቀባ ፍለክስ፣ 99 በመቶ የሆነ አይሶፕሮፒል አልኮል፣ ለስላሳ ብሩሽ፣ የጆሮ ጥጥ፣ ጫፋቸው ልክ የሆኑ ካቻቪቴዎች፣ የእጅ አንጓ ላይ የሚታሰር የስታቲክ ማስወገጃ ገመድና ደማቅ መብራት ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ይበቃሉ። የኤሌክትሪክ ሞገድን በስክሪን የሚያሳየው ኦሲሎስኮፕ ደስ የሚል ነገር ነው፤ ነገር ግን ከብልሽቶቹ አብዛኛዎቹ በመልቲሜትር፣ በዓይንና በአፍንጫ ይገኛሉ። ስታኞውን በተመለከተ እርሳስ ያለበትን 60/40 የሚባለውን ይምረጡ፤ የዚያ ዘመን ቦርዶች የተበየዱት በእሱ ዓይነት ስለሆነ በቀላሉ ይዋሐዳል። ሥራው ሲያልቅ እጅን በሳሙና መታጠብ፣ በሥራው ወቅትም መስኮት መክፈት ግዴታ ነው።

እዚህ ላይ ከሁለት ነገሮች ጀማሪው እጁን እንዲያነሣ አጥብቄ እጠይቃለሁ። አንደኛው ትልቅ የመስታወት ስክሪን ያለው ሞኒተር ወይም እንደ መጀመሪያዎቹ ማኪንቶሾች ስክሪኑ ከኮምፒውተሩ ጋር አንድ ላይ የተሠራ መሣሪያ ነው፤ የስክሪኑ መስታወት ከሶኬት ከተነቀለ በኋላም በሺዎች የሚቆጠር ቮልት ይዞ ሊቆይ ይችላል። ሁለተኛው በውስጡ የተገጠመ ፓወር ሰፕላይ ነው፤ 230 ቮልት የሚገባበት እንዲህ ያለ ሳጥን ካፓሲተር በሚባለው ትልቁ የኤሌክትሪክ ማጠራቀሚያው ላይ ከ300 ቮልት በላይ ያጠራቅማል። ሁለቱንም ከጎንዎ ሆኖ የሚያሳይዎት ልምድ ያለው ሰው እስኪያገኙ ድረስ አይክፈቷቸው።

የመጀመሪያው ሰዓት

መሣሪያው ከቀዝቃዛ ወይም እርጥበት ካለው ቦታ የመጣ ከሆነ አንድ ቀን ሙሉ ክፍሉ ውስጥ ይደር። ከዚያ ይክፈቱት። ሳጥኑን የያዙት የፕላስቲክ ጥርሶች ከአርባ ዓመት በኋላ እንደ ደረቅ ብስኩት ስለሚሰበሩ በጉልበት መጎተት አይገባም፤ አልነሣ ካለ ያልተፈታ ብሎን አለ ማለት ነው፤ ብዙ ጊዜም ከተለጠፈ ወረቀት ሥር ተደብቆ ያገኙታል። ኪቦርዱንና ቦርዱን የሚያገናኙ ገመዶችን ከመንቀልዎ በፊት ከሁሉም አቅጣጫ ፎቶ ያንሡ። በተለይ ስፔክትረም ላይ ኪቦርዱ ከቦርዱ ጋር የሚገናኘው በሁለት ቀጫጭን የፕላስቲክ ሪባኖች ነው፤ እነዚህ ሪባኖች በዕድሜ ብዛት ስለሚደርቁ ክዳኑን በፍጥነት ብድግ ያደረገ ሰው ሁለቱንም በጥሶ ይቆማል።

ከተከፈተ በኋላ ማሽተት ይቅደም። የተቃጠለ ነገር ሽታ፣ የዓሣ ዓይነት ሽታና የሻጋታ ሽታ እያንዳንዳቸው የራሳቸው ትርጉም አላቸው፤ የዓሣው ሽታ ካፓሲተር ፈሳሽ እንዳፈሰሰ ይናገራል። ቀጥሎ ባትሪ ይፈልጉ፤ ካለ፣ መልኩ ጤነኛ ቢመስልም እንኳ፣ ሌላ ምንም ነገር ከመንካትዎ በፊት ያውጡት።

ከዚያ ተራው የፓወር ሰፕላዩ ይሆናል። ኮሞዶር 64 ከውጭ በሚገናኝ ሳጥን 5 ቮልት ዲሲና 9 ቮልት ኤሲ ይቀበላል። የብዙዎቹ የመጀመሪያ ሳጥኖች ውስጥ በጠጣር ሙጫ የተሞላ በመሆኑ ሙቀት አይወጣበትም፣ ለጥገናም አይከፈትም፤ ውስጡ ያለው ቮልቴጁን የሚያስተካክለው ሬጉሌተር ሲበላሽ ያልተስተካከለው ቮልቴጅ በቀጥታ ወደ ቺፖቹ ይገባል። ሳጥኑን ከኮምፒውተሩ ነጥለው፣ የሰርኪዩት ንድፉን አይተው የ5 ቮልቱን እግር ይለዩና ይለኩ፤ ንባቡ ከ4.75 እስከ 5.25 ቮልት መሆን አለበት። ባዶውን መለካት ግን አይበቃም። አንድ 5 ኦም፣ 10 ዋት የሆነ ሬዚስተር በ5 ቮልቱና በመሬት መካከል ሲገናኝ አንድ አምፔር ያህል ይስባል፤ ይህን ጭነት ይዞ ለዐሥር ደቂቃ ንባቡን ይከታተሉ፤ ሬዚስተሩ በጣም ስለሚግል የሸክላ ሳህን ላይ ያስቀምጡት። ቁጥሩ እየጨመረ ወይም እየዋዠቀ ከሄደ ሳጥኑን ለማዳን አይሞክሩ። እውነቱን ለመናገር የኮሞዶር 64 ፓወር ሰፕላይ ፈተናውን ቢያልፍም እኔ አልጠቀምበትም፤ በአዲስ ይተካል፣ ነባሩ ለታሪክ ካርቶኑ ውስጥ ይቀመጣል።

ከኮሞዶሩ በተለየ የስፔክትረም ፓወር ሰፕላይ 9 ቮልት ተብሎ ቢጻፍበትም ጭነት ሳይኖረው ሲለካ 12 ወይም 13 ቮልት ሊያሳይ ይችላል፤ ሬጉሌተሩ ኮምፒውተሩ ውስጥ ስለሆነ ይህ ብልሽት አይደለም። የሚያሳስበው መሰኪያው ነው። የውስጠኛው እግር ኔጋቲቭ፣ የውጨኛው ፖዘቲቭ ስለሆነ ሌላ ተመሳሳይ መሰኪያ ያለው ቻርጀር ያገኘ ሰው «ገባ አይደል?» ብሎ ሲሰካው ኮምፒውተሩን ይጎዳል።

በውስጣቸው ፓወር ሰፕላይ የተገጠመላቸው እንደ ቢቢሲ ማይክሮና አፕል 2 ያሉ መሣሪያዎች ደግሞ ሌላ ልማድ አላቸው። በውስጣቸው ሪፋ በሚል ስም የሚታወቁ፣ ብርሃን በሚያስተላልፍ ቢጫማ ሽፋን የተሸፈኑ ካፓሲተሮች ሊኖሩ ይችላሉ፤ ሽፋናቸው በጊዜ ብዛት ይሰነጠቅና እርጥበት ይገባዋል፤ ኃይል ሲያገኙም ይፈነዳሉ። ፍንዳታው ኮምፒውተሩን ብዙ ጊዜ አይጎዳም፤ ክፍሉን ግን ለቀናት በማይለቅ ጭስ ይሞላዋል። ስንጥቅ ከታየባቸው ሳይሰኩ ማስቀየር ይገባል።

ባትሪ ያፈሰሰበት ቦርድ

ከማደስ ሥራ ሁሉ ረጅሙም አድካሚውም ይህ ነው። እንደ አሚጋ 500 ፕላስና አሚጋ 2000 ባሉ መሣሪያዎች ቦርድ ላይ ሰዓት እንዲቆጥር የተበየደው የኒኬል ካድሚየም ባትሪ ሲያረጅ ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ያፈሳል። ፈሳሹ በመዳብ መስመሮቹ ላይ እየተሳበ ከባትሪው ርቀው ያሉ ቺፖች ሥር ይገባል፤ አረንጓዴና ሰማያዊ ቅርፊት፣ የጠቆረ ስታኞ፣ ያበጠ አረንጓዴ ሽፋን ምልክቶቹ ናቸው።

ጓንትና የዓይን መከላከያ መነጽር ያድርጉ። ባትሪውን በመበየጃ ለማውጣት አይጣደፉ፤ እግሮቹን በመቁረጫ ፒንሳ ቆርጠው ያንሡት። ፈሳሹ አልካላይን ስለሆነ የሚያረክሰው ደካማ አሲድ ነው፤ ነጭ አቼቶ በጆሮ ጥጥ ነክረው የተጎዳውን ቦታ ብቻ ይዳብሱ፤ አረፋ ማውጣቱን ሲያቆም በተጣራ ውሃ ያጥቡት፤ ቀጥሎ በአልኮል ያጥቡትና አንድ ቀን ሙሉ ይድረቅ። አቼቶውን ሳያጥቡ መተው አንዱን መርዝ በሌላ መተካት ነው። በባትሪው አካባቢ ያሉ የቺፕ ሶኬቶች ከላይ ንጹሕ ቢመስሉም ውስጣቸው ተበልቶ ሊሆን ስለሚችል ቺፖቹን በጥንቃቄ አንሥተው እግሮቻቸውን ይዩ። ጥቁር የሆነ ሶኬት አይጸዳም፤ ይቀየራል።

የጠቆረ ስታኞ ሙቀት አይቀበልም፤ መበየጃውን የቱንም ያህል ቢያቆዩበት እንደ ድንጋይ ይቀመጣል። ጀማሪዎች በዚህ ጊዜ ሙቀቱን ይጨምራሉ፣ የመዳቡ ክብ ከቦርዱ ተላቅቆ ይነሣል። የሚሠራው መንገድ ላዩን ጫፉ የመስታወት ክር በሆነ የፋይበር ብዕር ቀስ አድርጎ መፋቅ፣ ፍለክስ መቀባት፣ አዲስ ስታኞ ጨምሮ ከአሮጌው ጋር ማዋሐድ፣ ከዚያ ሁለቱንም አብሮ መምጠጥ ነው። ከጸዳ በኋላ መልቲሜትሩን በድምፅ መፈተሻው ላይ አድርገው በተጎዳው አካባቢ ያለውን እያንዳንዱን መስመር ከጫፍ እስከ ጫፍ ይፈትሹ። እኔ የአንዱን ቦርድ መስመሮች ስፈትሽ ሁለት ምሽት ፈጅቶብኛል፤ የተቆረጡት ሦስት ብቻ ነበሩ፤ አንዱ ግን ከአንድ ቺፕ ሥር ስለሚያልፍ ቺፑን ሳላነሣ በዓይን ላገኘው አልችልም ነበር። የተቆረጠው መስመር የፀጉር ያህል በቀጠነ የተሸፈነ ሽቦ ይገናኛል። ባትሪውን በሲአር 2032 ዓይነት የማይሞላ የሳንቲም ቅርጽ ባትሪ ለመተካት ካሰቡ ነባሩ የሚሞላ ባትሪ እንደነበር አይዘንጉ፤ ቦርዱ ቻርጅ ሊያደርገው ስለሚሞክር በመካከል ኤሌክትሪክን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ዳዮድ ያስፈልገዋል። ወይም ይተዉት፤ ኮምፒውተሩ ሰዓቱን ባያውቅ ምንም አይጎድልበትም።

ካፓሲተሮችን በጅምላ ስለመቀየር

በዚህ ጉዳይ ሰብሳቢዎች ሁለት ጎራ ናቸው፤ አንዱ ጎራ መሣሪያው እንደመጣ ኤሌክትሮሊቲክ ካፓሲተሮቹን በሙሉ ይነቅላል፣ ሌላው ፈሳሽ እስኪያይ ድረስ አይነካም። እኔ በዘመናቸው እለያቸዋለሁ። በ1980ዎቹ መጀመሪያ የተሠሩት፣ እግራቸው በቦርዱ ቀዳዳ የሚያልፈው ካፓሲተሮች ብዙ ጊዜ ዛሬም ልካቸውን ይዘዋል፤ አንዱ አብጦ ወይም ከሥሩ ቆሽሾ ካልተገኘ ወይም ልኩ ከተጻፈበት ርቆ ካልተገኘ አልነካቸውም፤ ጤነኛ ካፓሲተር ሲነቀል ቦርዱን የመጉዳት ዕድል ራሱ አንድ አደጋ ነውና። በ1980ዎቹ መጨረሻና በ1990ዎቹ መጀመሪያ በቦርዱ ገጽ ላይ የተለጠፉት ትናንሽ ካፓሲተሮች ግን፣ አሚጋ 600 እና 1200፣ ማኪንቶሽ ኤስኢ 30 ላይ እንዳሉት ያሉት፣ ማፍሰሳቸው የጊዜ ጉዳይ ብቻ ስለሆነ በሙሉ ይቀየራሉ።

ሲቀይሩ አቅጣጫውን ያጢኑ። ኤሌክትሮሊቲክ ካፓሲተር ላይ ያለው መስመር ኔጋቲቭን ያመለክታል፤ ታንታለም ካፓሲተር ላይ ያለው መስመር ደግሞ ፖዘቲቭን ያመለክታል። አንዱን ለምዶ ሌላውን በዚያው ልማድ የገጠመ ሰው ትንሽ ርችት ያያል። ነባሩን ከመንቀልዎ በፊት የተነሣ ፎቶ ከማንኛውም በቦርዱ ላይ ከታተመ ምልክት ይበልጣል።

ብልሽት መፈለግ

ፓወር ሰፕላዩ ተፈትሾ፣ ቦርዱ ጸድቶ፣ ቲቪው ተገናኝቶ ሲያበቃ እጅዎን ማብሪያው ላይ እንዳደረጉ ለአምስት ሰከንድ ያብሩ። ሽታ ወይም ጭስ ከሌለ እንደገና ያብሩና በ5 ቮልት የሚሠሩትን ቺፖች በጣት ጫፍ ነካ ነካ እያደረጉ ሙቀታቸውን ያነጻጽሩ። ከጓደኞቹ ተለይቶ ጣት የማያስቀምጥ የሜሞሪ ቺፕ ሾርት ያደረገ ሊሆን ይችላል።

ኮሞዶር 64 ጤነኛ ሲሆን በሰማያዊ ስክሪን ላይ 38911 ባይት ነጻ እንደሆነ ይጽፋል። ይህ ቁጥር ትልቅ ምስክር ነው፤ ከዚያ ያነሰ ቁጥር ከታየ ኮምፒውተሩ ሜሞሪውን ሲቆጥር መንገድ ላይ የማይመልስ ቦታ ገጥሞት ቆሟል ማለት ነው። ስክሪኑ ጥቁር ከሆነ ደግሞ ተራውን ይጠብቁ፤ መጀመሪያ 5 ቮልቱ ቺፖቹ እግር ላይ መድረሱን፣ ቀጥሎ ቦርዱ ላይ ያለው ፊውዝ ጤነኛ መሆኑንና 9 ቮልት ኤሲው ማለፉን፣ ከዚያም በየጊዜው የትኛው ቺፕ እንደሚመልስ የሚወስነውን ፒኤልኤ የሚባለውን ቺፕ ይመልከቱ፤ ይህ ቺፕ በጣም የሚሞቅና በመበላሸት ስም ያወጣ ነው። የድምፁ ቺፕ ሲድ በሶኬት ከተቀመጠ ኃይል አጥፍተው ያውጡት፤ ኮምፒውተሩ ያለ እሱ መነሣት ስለሚችል ሲወጣ የሚነሣ ከሆነ ጥፋተኛው ተገኘ።

ስፔክትረም ላይ የታችኛው 16 ኪሎባይት ሜሞሪ 4116 በሚባሉ ቺፖች የተሠራ ሲሆን እነዚህ ቺፖች 5፣ 12 እና ኔጋቲቭ 5 ቮልት ሦስቱንም ይፈልጋሉ። 12ቱና ኔጋቲቭ 5 ቮልቱ ከአንዲት ትንሽ ሰርኪዩት ስለሚመጡና በዚያች ሰርኪዩት ያለው ቲአር 4 የሚባለው ትራንዚስተር ቶሎ ስለሚቃጠል ሜሞሪ ከመቀየር በፊት ሦስቱን ቮልቴጅ መለካት ግድ ነው። ኔጋቲቭ 5 ቮልቱ ሳይኖር አዲስ 4116 መግጠም አዲሱን ቺፕ ለሞት መላክ ነው።

ሁለት ተመሳሳይ መሣሪያ ያለው ሰው ቺፖችን ማቀያየር ይወድዳል። ሕጉ አንድ ነው፤ የሚጠረጠረው ቺፕ ወደ ጤነኛው ቦርድ ይሄዳል እንጂ ጤነኛው ቺፕ ወደ ታመመው ቦርድ አይሄድም። ያም ቢሆን ቺፑ ሾርት አለመሆኑ ከተለካ በኋላ ነው።

ቦርዱ ላይ የተበየደ ቺፕ በእርግጥ መሞቱ ከታወቀ በሕይወት ለማውጣት አይልፉ። እግሮቹን አንድ በአንድ ከአካሉ ቆርጠው፣ አካሉን ያንሡና የቀሩትን እግሮች እያንዳንዳቸውን አሙቀው በፒንሳ ይሳቡ። ቺፕ ይተካል፣ የዚያ ቦርድ መዳብ ግን አይተካም። መበየጃው ከ320 እስከ 350 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይበቃዋል፤ በእያንዳንዱ ነጥብ ላይ ከጥቂት ሰከንድ በላይ አይቆይ፤ በቦታው ሶኬት ይግጠሙ።

ሳጥኑና ኪቦርዱ

የኪቦርድ ቁልፎችን ከመንቀል በፊት ፎቶ ማንሣት የሚያስቅ ምክር ይመስላል፤ ከ60 በላይ ቁልፎች ሳህን ውስጥ ተከምረው ሲያይ ግን ማንም አይስቅም። ቁልፎቹ ለብ ባለ ውሃና በእቃ ማጠቢያ ሳሙና ይታጠባሉ፤ ከሥራቸው ያሉት የግንኙነት ነጥቦች በጥቂት አልኮል በተነከረ ጥጥ ይጠረጋሉ። አልኮልና በላይ የታተመ ጽሑፍ አይስማሙም፣ አሴቶን ደግሞ ፕላስቲኩን ራሱን ያቀልጣል። የስፔክትረም ኪቦርድ ሽፋን ደርቆ ከሆነ አይጠገንም፤ አዲስ የተሠራ ይገዛለታል።

ቢጫ የሆነን ፕላስቲክ ወደ ቀድሞ ቀለሙ ለመመለስ ብዙዎች 12 በመቶ የሆነ የሃይድሮጅን ፐሮክሳይድ ክሬም ቀብተው በግልጽ ፕላስቲክ ጠቅልለው ፀሐይ ላይ ያስቀምጡታል። ይሠራል። ነገር ግን ክሬሙ በአንድ በኩል ከደረቀ ሊጠፋ የማይችል ነጭ ዥንጉርጉር ስለሚተው በየግማሽ ሰዓቱ ማዟዟርና እንደገና መቀባት ያስፈልጋል፤ ቆዳና ዓይን ስለሚያቃጥል ጓንትና መነጽር አይለዩም፤ ከዓመታት በኋላ ቢጫው ሊመለስ ይችላል። እኔ ሁለት ሳጥን ካነጣሁ በኋላ ሦስተኛውን ተውሁት። እኩል የሆነ ቢጫ የዕድሜ መልክ ነው፤ ለዓይኔ ከዥንጉርጉር ነጭ ይሻለኛል።

ካሴትና ዲስክ

መሣሪያው ከነካሴቶቹና ከነዲስኮቹ ከመጣ ከኮምፒውተሩ ይልቅ የሚያስቸኩለው እነሱ ላይ ያለው ነገር ነው፤ አንድ ልጅ በ1985 የጻፈው ፕሮግራም ቅጂ በሌላ ቦታ የለም። ከማጫወትዎ በፊት ሊጻፍባቸው እንዳይችል ያድርጉ፤ የካሴቱን ጀርባ ትንንሽ ጥርሶች ይስበሩ፣ በ5.25 ኢንች ዲስክ ጎን ያለውን ጎድጓዳ በፕላስተር ይሸፍኑ፣ በ3.5 ኢንቹ ላይ ደግሞ ቀዳዳው ክፍት እንዲሆን መዝጊያውን ያንሸራትቱ። ካሴቱን በጥሩ ማጫወቻ ወደ ድምፅ ፋይል ይቅዱት፤ ድምፁ የታፈነ ከሆነ የማጫወቻውን ራስ አቅጣጫ የምታስተካክለዋን ትንሽ ብሎን እያዳመጡ በጥቂቱ ያዙሩ፤ ጩኸቱ ስለታም ሲሆን ትክክለኛ ቦታው ላይ ደርሰዋል። ዲስክ ሲሆን ከማስገባት በፊት በመክፈቻው በኩል ገጹን ብርሃን ላይ ይመልከቱ፤ እንደ ደመና ያለ ነጠብጣብ ሻጋታ ነው፤ እንዲህ ያለውን ዲስክ ያስገባ ሰው የማንበቢያውን ራስ ያቆሽሽና ቀጥሎ የሚገቡትን ጤነኛ ዲስኮች ሁሉ ይቧጭራል።

ማስቀመጥ

ኮምፒውተሮቹ ፀሐይ በማያገኘው፣ ደረቅና ሙቀቱ ብዙ በማይለዋወጥ ክፍል ውስጥ ይቀመጡ። ጣሪያ ሥር ያለ ክፍልና ምድር ቤት ሁለቱም መጥፎ ናቸው፤ አንዱ ያግላል፣ ሌላው ያረጥባል። ካርቶን ውስጥ የእርጥበት መምጠጫ ከረጢት ይጨምሩ፣ ገመዶችን ጎማ ባላቸው ማሰሪያዎች አይጠቅልሉ፤ ጎማው ይቀልጥና ሳጥኑ ላይ ይጣበቃል። በእያንዳንዱ ሳጥን ውስጥ አንዲት ካርድ ያስቀምጡ፤ በእሷ ላይ መሣሪያው የተከፈተበት ቀን፣ በጭነት የተለካው የፓወር ሰፕላይ ቮልቴጅ፣ የተቀየሩ ክፍሎችና ሳይነኩ የቀሩት ይጻፉ። የእኔዎቹ ካርዶች የመጀመሪያ መስመር በቀይ እስክሪብቶ የተጻፈ ነው፦ «በዚህ ካርቶን ያለው ነባር ፓወር ሰፕላይ፣ 8.3 ቮልት፣ አይሰካም።»